ስለ ዓሣ ማታለያ አሠራር ታሪክ

ሰው ዓሣን ከውሃ ለማውጣት ያላሰበው ዘዴ የለም። በመረብ ይከበዋል፤ በጦር ይወጋዋል፤ በወንዝ ላይ አጥር ሠርቶ መንገዱን ይዘጋበታል፤ በቅርጫት ወጥመድ ያስገባዋል፤ የዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃውን ይመርዝበታል፤ ትል ወይም ሥጋ በመንጠቆ ላይ ሰክቶ ያስጐመጀዋል። ከነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ተለይቶ የሚታየው ግን፣ ምግብ ሳይሆን ምግብ መስሎ፣ ነፍስ ሳይኖረው ነፍስ ያለው መስሎ የሚንቀሳቀሰው፣ በሰው እጅ የተሠራው የሐሰት ዓሣ ወይም የሐሰት ዝንብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ይህን መሣሪያ «ማታለያ» ብለን እንጠራዋለን።

መረብና ጦር ስለ ሠሪው ጕልበትና ትዕግሥት ብዙ ይነግሩናል። ማታለያ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ይነግረናል። ሠሪው፣ ዓሣው በውሃ ውስጥ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚያስቈጣው፣ ምንስ እንደሚያስርበው ምን ያህል እንደ ተረዳ የሚመሰክር ሰነድ ነውና። ሰነዱ የተጻፈው ግን በቡሽ፣ በላባ፣ በዛጎልና በክር ነው፤ ጸሓፊዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ያልተመዘገበ፣ በየቤታቸው ተቀምጠው ከሌላ ሥራ በተረፈ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ዕውቀት በማን እጅ እንደ ነበረ፣ እንዴትስ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ተላለፈ መመርመር የሕዝቦችን ኑሮ ለሚያጠና ሰው ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ማታለያ አሠራር በግልጽ የተጻፈ ጥንታዊ ምስክርነት የምናገኘው ከኤልያን ነው። ኤልያን በ2ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ ላይ የኖረ ሮማዊ ሲሆን የሚጽፈው በግሪክ ቋንቋ ነበር። ስለ እንስሳት ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ በመቄዶንያ አገር በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል አስትራዮስ የሚባል ወንዝ እንዳለ፣ በወንዙም ቆዳቸው ነጠብጣብ የሆነ ዓሦች እንደሚኖሩ ይናገራል። እነዚህ ዓሦች በውሃው ላይ የምትበር አንዲት ዝንብ ይመገባሉ። ዝንቧ በቀለሟ ተርብን፣ በድምፅዋ ንብን ትመስላለች፤ የአገሩ ሰዎችም ሂፑሮስ ይሏታል። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ዝንቧን ራሷን በመንጠቆ ላይ አይሰኩም። ምክንያቱም የሰው እጅ የነካት እንደ ሆነ መልኳ ይጠፋል፤ ክንፏም ይረግፋል። ስለዚህ በመንጠቆው ላይ ቀይ ሱፍ ይጠመጥማሉ፤ በሱፉም ላይ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀሉ፣ መልካቸው ሰም የሚመስል ሁለት ላባዎች ያስራሉ። በትራቸው ስድስት ጫማ ነው፤ ክሩም እንዲሁ ስድስት ጫማ ነው።

በዚህ አጭር ትረካ ውስጥ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ ኤልያን ይህን የጻፈው ሰምቶ እንጂ አይቶ አይደለም፤ ራሱም ሰማሁ ይላል። ይሁን እንጂ የነገረው ሰው ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ የላባውን ቦታና የክሩን ርዝመት ሳይቀር ተናግሯልና። ሁለተኛው፣ የማታለያው መነሻ ተንኰል ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳናል። እውነተኛዋ ዝንብ በእጅ የማትያዝ ሆነች፤ ስለዚህ ሐሰተኛዋን መሥራት ግድ ሆነ። ይህ ችግር፣ ማለት የሕያው ምግብ ማነስ ወይም መበላሸት፣ በኋላም በሌሎች አገሮች በተደጋጋሚ ይገኛል።

ከኤልያን ወዲያ ከአንድ ሺሕ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ዘለን በእንግሊዝ አገር ወደ ታተመ አንድ መጽሐፍ እንሻገራለን። ዊንኪን ዴ ዎርድ የተባለው አታሚ በ1496 ዓ.ም. በዌስትሚንስተር፣ የቅዱስ አልባንስ መጽሐፍ የሚባለውን ስለ ጭልፊትና ስለ አደን የሚናገር መጽሐፍ ሁለተኛ ጊዜ ሲያትም፣ በመንጠቆ ዓሣ ስለ ማጥመድ የሚናገር አዲስ ክፍል ጨመረበት። ይህ ክፍል ጁሊያና በርነርስ የተባለች እመቤት ድርሰት ነው ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን ስሟ የሚገኘው በ1486 በታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በአደኑ ክፍል ላይ ነው፤ የዓሣው ክፍል ደግሞ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ የደራሲዋ ነገር አጠራጣሪ ነው።

ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ ይህ ክፍል ለጀማሪ የተጻፈ የእጅ ሥራ ትምህርት ነው። ተማሪው ዕቃውን ከገበያ እንዲገዛ አይነግረውም፤ ሁሉን ራሱ እንዲሠራ ያዘዋል እንጂ። በትሩን በክረምት ወራት ከዛፍ ይቈርጣል፤ በምድጃ አሙቆ ያቀናዋል፤ ካደረቀውም በኋላ ውስጡን በጋለ ብረት ቀዶ ቦይ ያወጣለታል፤ የላይኛው ቀጭን በትር በዚሁ ቦይ ውስጥ እንዲደበቅ ነው። እንዲህ የተሠራ በትር መደገፊያ ከዘራ ይመስላልና ባለቤቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ይላል። (ይህች ምክር የዓሣ አጥማጅን ጠባይ በሚገባ የምታውቅ እጅ የጻፈቻት ትመስለኛለች።) ክሩ ከነጭ ፈረስ ጭራ ይፈተላል፤ እንደ ውሃውና እንደ ወቅቱም በቀለም ይነከራል። የጸጕሩ ቍጥር እንደ ዓሣው ይለያያል፤ ለጥቃቅኑ ዓሣ አንድ ጸጕር ይበቃል፤ ለሳልሞን ግን ዐሥራ አምስት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ትኵረት የሚገባው የመንጠቆው አሠራር ነው። በዚያን ጊዜ ለጀማሪው መንጠቆ የሚሆነው መርፌ ነበር። ለትንሹ ዓሣ ቀጭን መርፌ፣ ለመካከለኛው የጠላፊና የልብስ ሰፊ መርፌ፣ ለትልቁ ደግሞ የጫማ ሰፊ መርፌ ይመረጣል። መርፌው በከሰል እሳት እስኪቀላ ይግላል፤ ሲቀዘቅዝና ሲለሰልስ በቢላዋ ጫፉ አጠገብ ጥቂት ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚመለስ እሾህ ይወጣለታል፤ ጫፉ ይሳላል፤ እንደ ገና ግሎ ይቈለመማል፤ ክር የሚታሰርበት ጀርባው ተቀጥቅጦ በሞረድ ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም እንደ ገና ቀልቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ብረቱን ያጠነክረዋል። የአገራችን ቀጥቃጭ የማጭድና የቢላዋ ስለት ሲያወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ስለ ሆነ ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ እንደየወሩ የሚያገለግሉ 12 የሐሰት ዝንቦችን ይዘረዝራል። ገላቸው ከሱፍ ወይም ከሐር፣ ክንፋቸው ከቆቅና ከሌሎች ወፎች ላባ የሚሠራ ነው።

ትምህርቱ ለጀማሪ የተጻፈ ይሁን እንጂ ለጀማሪ ሁሉ የተጻፈ አልነበረም። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ ይህ ትምህርት በትንሽ ጥራዝ ለብቻው ያልታተመበት ምክንያት ተገልጧል። ይኸውም ሥራ ፈት የሆነ ሰው ሁሉ በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ ዓሣውን እንዳያጠፋ፣ ለከበሩ ሰዎች ብቻ በሚሆን በትልቅ መጽሐፍ ውስጥ እንዲገባ መደረጉ ነው። ለዓሣው ማሰቡ ክፉ አይደለም፤ ከሚያስፈልገው በላይ የሚያጠምደውንም ሰው ይገሥጻል። ሆኖም ዕውቀቱ ራሱ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ፣ በጫማ ሰፊ መርፌ መንጠቆ መሥራትን ያሰበው የከበረ ሰው ነው ለማለት ያስቸግራል። ከድኻው እጅ የተቀዳ ጥበብ በመጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ ድኻው እንዳያገኘው በዋጋ ታጠረ ማለት ነው። በሌሎች ሙያዎች ታሪክም ይህን የመሰለ ነገር አይጠፋም።

ኢዛክ ዋልተን በ1653 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚናገረው ታዋቂ መጽሐፍ፣ ቻርልስ ኮተንም በ1676 የጨመረለት ሁለተኛ ክፍል፣ ይህን ትምህርት ለብዙ ሰው አደረሱት። ኮተን ዝንብ ማሰርን የሚያስተምረው በመምህርና በመንገደኛ ንግግር ነው፤ መምህሩ በተማሪው ፊት እያሰረ ያሳየዋል። በዋልተን መጽሐፍ ውስጥ ግን ከዝንቦቹ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ስለ አንድ የሐሰት ዓሣ የተጻፈው ጥቂት መስመር ነው። ዋልተን ይህን ዓሣ የሠራችለት እጀ ብልኅ ሴት ነበረች። ሕያው ትንሽ ዓሣ በአጠገቧ አስቀምጣ፣ እርሱን እያየች፣ ከጨርቅ የተሠራውን ገላ በመርፌ ጠለፈችው። ለጀርባው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሐር፣ ወደ ሆዱ ሲቀርብ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ለሆዱ ነጭ ሐርና የብር ክር ተጠቀመች፤ ጅራቱንና ክንፎቹን ከላባ አገዳ፣ ዐይኖቹንም ከሁለት ጥቃቅን ጥቍር ዶቃዎች አበጀች። ዋልተን መልኳንና የእጇን ጥበብ አመስግኖ ስሟን ሳይጽፍ አለፈ። ይህች ሴት ከጥልፍ ሥራ ያገኘችውን ዕውቀት ወደ ውሃ አሻገረችው። ሕያው ዓሣ በአጠገብ አድርጎ መሥራትም ዛሬ ለማንኛውም ጀማሪ የሚሰጥ የመጀመሪያ ምክር ነው።

ከኤውሮፓ ወጥተን ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ብንሄድ ማታለያ የጨዋታ ዕቃ ሳይሆን የኑሮ መሣሪያ ሆኖ እናገኘዋለን። የፖሊኔዥያ ሰዎች ቦኒቶ የሚባለውን ፈጣን ዓሣ የሚይዙበት ማታለያ ገላው ከሚያብረቀርቅ የዕንቍ ዛጎል፣ ጫፉ ከዐጥንት ወይም ከኤሊ ልባስ ይሠራል፤ ሁለቱ በተክል ቃጫ ይታሰራሉ፤ ከሥሩም የዓሳማ ጸጕር ወይም ላባ ይታከልበታል። ጫፉ ወደ ኋላ የሚመለስ እሾህ የለውም። ለዚህም ምክንያት አለው። የቦኒቶ መንጋ በታንኳው ዙሪያ የሚቈየው ለጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ አጥማጁ ዓሣውን ወደ ታንኳው ወርውሮ ማታለያውን ወዲያው ወደ ባሕሩ መመለስ አለበት፤ እሾህ ቢኖር ጊዜ ያባክንበታል። የዛጎሉ ቀለምም እንደ ቀኑ ብርሃን ይመረጣል። ደመና በሆነ ጊዜ የሚያገለግለው ፀሓይ በወጣ ጊዜ ከሚያገለግለው የተለየ ነውና አንድ አጥማጅ ብዙ ዐይነት ይይዛል።

በቶንጋና በሳሞአ ስምንት እጅ ያለውን ኦክቶፐስ የሚይዙበት ማታለያ ደግሞ ከድንጋይና ከነብርማ ዛጎል ተሠርቶ፣ ጅራትም ተጨምሮለት አይጥ ይመስላል። የባሕር እንስሳ አይጥን ለምን ይፈልጋል ቢባል፣ የአገሩ ሰዎች በተረት ይመልሳሉ። አይጥ ከታንኳ መስጠም ተርፎ በባሕር ሲዋኝ ኦክቶፐስ በራሱ ላይ ተሸክሞ ወደ ምድር አደረሰው፤ አይጡ ግን ውለታውን በመርሳት የተሸከመውን ራስ አቈሽሾበት ሣቀበት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦክቶፐስ አይጥ ባየ ጊዜ ሊበቀል ይዘላል ይላሉ። በሥነ ሕይወት በኩል ነገሩ ሌላ ነው፤ ኦክቶፐስ ሸርጣንና ዛጎል ለበስ እንስሳ የሚያድን ስለ ሆነ በወለሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ክብ ነገር ይስበዋል። ነገር ግን ተረቱ ከንቱ አይደለም። ማታለያው ምን መምሰል እንዳለበትና ኦክቶፐስ በቍጣ እንደሚጠመጠምበት ለልጁ በማይረሳ መንገድ ያስተምረዋል። መጽሐፍ በሌለበት አገር የአሠራሩ መመሪያ በተረት ተጽፏል ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሰሎሞን ደሴቶች ዘዴ ነው። በኦክስፎርድ የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ኀላፊ የነበረው ሄንሪ ባልፎር በ1913 በታተመ ጽሑፉ ስለዚህ ነገር በሰፊው ተናግሯል። አጥማጁ ከዛፍ ቅጠል የተሠራ በራሪ ከታንኳው ላይ በክር ያስነሣል፤ ከበራሪው የሚወርደው ሌላ ክር መጨረሻው ላይ መንጠቆ የለበትም፤ የሸረሪት ድር ተጠቅልሎ ታስሮበታል እንጂ። ነፋሱ በራሪውን ሲያናውጥ ድሩ በውሃው ፊት ላይ እየዘለለ ይሄዳል። አፈ ረጅሙ ዓሣ ሕያው ነገር መስሎት ሲነክሰው እንደ መርፌ የቀጠኑ ጥርሶቹ በድሩ ይያዛሉ። የታንኳውና የሰውየው ጥላ ከዓሣው ርቆ ስለሚቀር ዓሣው አይደነግጥም። ብረት የለም፤ ዐጥንት የለም፤ ነገር ግን የነፋስን፣ የሸረሪትንና የዓሣን ጠባይ አንድ ላይ አስተሳስሮ የሚያውቅ አእምሮ አለ። የሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩት ኢኑዊቶችም እንዲሁ መንጠቆ የሌለው ትንሽ ዓሣ ከዝሆን ጥርስ መሰል ከባሕር እንስሳ ጥርስ ቀርጸው በበረዶው ቀዳዳ ውስጥ ያንጠለጥላሉ። ትልቁ ዓሣ ሊያየው ሲቀርብ በጦር ይወጉታል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን መለስ ብለን ማነጻጸር ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች ከቆዩት የማጥመድ ዘዴዎች አንዱ የብርብራ ፍሬ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ወደ ውሃው ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮተኖን የሚባለው ነገር በስንጥቡ በኩል ገብቶ አካሉ አየርን እንዳይጠቀምበት ስለሚያግደው ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ በጣና ሐይቅ ላይ የሚኖሩት ወይጦዎችም በረጅም ዘመን የዓሣና የጕማሬ አዳኞች ሆነው ታውቀዋል። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በ1925 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሲናገር፣ ጸጥ ባለው የባሕር ወሽመጥ በመርዝ የሚያጠምዱት ሰዎች ውጤቱን አስቀድመው ስለሚያውቁት አስማት አያደርጉም፤ በጥልቁ ባሕር የሚያጠምዱት ግን አደጋውና ዕድሉ አይታወቅምና ብዙ አስማት ያደርጋሉ ብሏል። ይህን አስተያየት ጥቂት ወደ ሌላ ብናዞረው ለጉዳያችን ይጠቅማል። መርዝ የዓሣውን ፈቃድ አይጠይቅም። ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም በአንድነት ያነሣል። ማታለያ ግን አንዱን ዓሣ ለይቶ፣ በራሱ ፈቃድ እንዲመጣ ማድረግ አለበት። ስለዚህ መርዙን የሚበትነው ሰው ስለ ዛፉና ስለ ውሃው ብዙ ያውቃል፤ ማታለያ የሚሠራው ሰው ደግሞ ስለ ዓሣው ዐይን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። አንዱ ዕውቀት ከሌላው ያንሳል ማለቴ አይደለም፤ የሚጠብቁት ነገር የተለያየ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በ1960ዎቹ መጨረሻና ከዚያም በኋላ በባሌ ተራሮች ወንዞች ከተለቀቀ ወዲህ የላባው ዝንብ ከእንግዶች ጋር ወደዚያ ደጋ ገብቷል።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ አገር ማታለያ ከቤት ወደ ፋብሪካ መውጣት ጀመረ። ስለ አጀማመሩ የሚተረኩት ታሪኮች አንድ ዐይነት ናቸው። ጁሊዮ ቢዩል የተባለው ሰው በቬርሞንት በቦሞሲን ሐይቅ ላይ በጀልባው ሆኖ ምሳውን ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጣ ወደቀች፤ እያብረቀረቀች ስትሰጥም ትልቅ ዓሣ መጥቶ ነጠቃት፤ እርሱም የማንኪያ እጀታ ቈርጦ መንጠቆ አሰረበት ይባላል። ለዚህ ሥራው በ1852 የባለቤትነት መብት ማግኘቱ የታወቀ ነው። በሚሺጋን ግዛት የዶዋጂያክ ሰው የሆነው ጄምስ ሄደን ደግሞ በንብ አርቢነቱ ስሙ የታወቀ ነበር። በወፍጮ ኩሬ ዳር ጓደኛውን ሲጠብቅ እንጨት ይቀርጽ ነበር፤ የቀረጸውን ወደ ውሃው ሲወረውር ዓሣ ዘሎ መታው፤ ከዚያም የእንጨት እንቍራሪት መቅረጽ ጀመረ ይላሉ። በጃፓን ደቡብ በአማሚ ደሴት የሚነገረው ደግሞ፣ ከአጥማጅ እጅ በባሕር የወደቀውን የተቃጠለ የችቦ ቍራጭ ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ሲያቅፈው ታየ፤ ከእንጨት የሚቀረጸው የስኩዊድ ማታለያም ከዚያ ተገኘ የሚል ነው።

ማንኪያው ወደቀ፤ እንጨቱ ተወረወረ፤ ችቦው አመለጠ። የሦስቱ ቦታ ሰዎች ተመካክረው ይህን አላወሩም፤ ስለዚህ እነዚህን ትረካዎች እንደ ታሪክ ከመቀበል ይልቅ እንደ አንድ የተረት ወገን መመልከት የሚሻል ይመስለኛል። ሰው የእጅ ጥበብ መነሻውን ሲጠየቅ «ድንገት» ብሎ መመለስ ይወዳል። ድንገት ግን ለማንም አያስተምርም። ማንኪያ በውሃ የጣለ ሰው ብዙ ነው፤ ማንኪያውን ለምን እንደ ነከሰው የጠየቀው ግን አስቀድሞ ዓሣን ሲመለከት የኖረ ሰው ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የፊንላንዱ ላውሪ ራፓላ ነው፤ የእርሱ ታሪክ ድንገት የሌለበት ነውና። ላውሪ በ1905 በሲስማ ተወለደ፤ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ አሲካላ መጣ። ድኻ ነበር። በክረምት ዛፍ በመቍረጥ፣ በበጋ በእርሻ ሥራና በዓሣ ማጥመድ ይተዳደር ነበር። በ1928 ካገባ በኋላ ከፓይየኔ ሐይቅ አጠገብ በሪሂላህቲ ቤተ ሰቡን ይዞ ኖረ። የሚያጠምደው በረጅም ክር ላይ ብዙ መንጠቆ አስሮ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ዓሣ ሰክቶ ነው። መንጠቆዎቹን ሁሉ ሕያው ዓሣ እየፈለጉ መሙላት በየቀኑ ብዙ ሰዓት ይወስድ ነበር። በመቄዶንያ የነበረው ችግር እዚህም አለ፤ ልዩነቱ ዝንቧ በመርገፏ ፈንታ የድኻው ጊዜ ማለቁ ነው።

ላውሪ ጀልባውን ቀስ ብሎ እየቀዘፈ በጥሩው ውሃ ውስጥ ይመለከት ነበር። ያየውም ይህ ነው። ትልቁ ዓሣ በጥቃቅኖቹ መንጋ መካከል ሲገባ ያገኘውን ሁሉ አይነክስም፤ ከመንጋው ተለይቶ እየተንገዳገደ የሚዋኘውን፣ የታመመ ወይም የቈሰለ የሚመስለውን መርጦ ይመታል። እንግዲህ የዓሣን መልክ ብቻ መምሰል አይበቃም፤ የደካማን አካሄድ መምሰል ያስፈልጋል። የዋልተን ጠላፊ ሴት መልኩን ቀዳች፤ ላውሪ ሕመሙን ቀዳ።

በ1936 የመጀመሪያውን ማታለያ በጫማ ሰፊ ቢላዋ ከቡሽ ቀረጸ። የሚያብረቀርቅ ገላ እንዲኖረው በቸኮላታና በዐይብ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፈነው፤ ውሃ እንዳይገባው የሚቀባው ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ አቅልጦ ለበጠው። እዚህ ላይ አንባቢ የ1496ቱን መጽሐፍ ያስታውስ ይሆናል፤ በዚያ የጫማ ሰፊ መርፌ፣ በዚህ የጫማ ሰፊ ቢላዋ። የማታለያ ሥራ የራሱ መሣሪያና የራሱ ዕቃ ያለው ሙያ ሆኖ አልተወለደም፤ ከጫማ ሰፊው፣ ከጠላፊዋ፣ ከዶሮ አርቢው፣ ከፎቶ አንሺው የተረፈውን እየለቀመ ያደገ ነው።

ይህን ማታለያ በቤቱ ሊሠራ የሚነሣ ጀማሪ የሚከተለው ሥርዐት ከላውሪ ዘመን ብዙም አልተለወጠም፤ የየክፍሉንም ምክንያት ማወቅ ለተመራማሪ ይጠቅማል። ገላው ከቡሽ ወይም ባልሳ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ ቀላል እንጨት ይቀረጻል፤ ቀላል እንጨት የሚመረጠው እንዲንሳፈፍ ብቻ ሳይሆን በትንሽ የውሃ ግፊት እንዲናወጥ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ ሆዱ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ ከአፍ እስከ ጅራት የሚደርስ አንድ ሽቦ ይገባል። መንጠቆዎቹና ክሩ የሚታሰሩት በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በዚህ ሽቦ ቀለበቶች ላይ ነው፤ ዓሣው እንጨቱን ቢሰብረው እንኳ ከሽቦው አያመልጥም። ከሆዱ ጥቂት እርሳስ ይቀበራል፤ ክብደቱ ከታች ካልሆነ ገላው ይገለበጣል። ከአገጩ በታች እንደ ምላስ የወጣች ትንሽ ቅጠል ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ትሰካለች። የሁሉ ነገር ነፍስ በዚህች ምላስ ላይ ነው። ማታለያው ሲጐተት ውሃው ምላሷን ይገፋታል፤ ግፊቱ ገላውን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ያወዛውዘዋል፤ ምላሷም ማታለያውን ወደ ታች ታጠልቀዋለች። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ በሙጫ ይዘጋል፤ ብርማው ወረቀት ይለጠፋል፤ ቀለምና ቫርኒሽ በስሱ ይቀባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም።

ጀማሪው ሥራው እዚህ አለቀ ብሎ ያስባል፤ ዕውነተኛው ሥራ ግን የሚጀምረው እዚህ ነው። ሁለት ማታለያዎች በዐይን ሲታዩ አንድ ሆነው በውሃ ውስጥ አንዱ ሲዋኝ ሌላው በጎኑ ሊተኛ ይችላል። ወደ ግራ የሚያደላ እንደ ሆነ የአፉ ቀለበት በጥቂቱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ወደ ቀኝ የሚያደላ እንደ ሆነ ወደ ግራ። የሚታጠፈው መጠን በዐይን ለመለየት የሚያስቸግር ነው። ላውሪና ልጆቹ እያንዳንዱን ማታለያ በውሃ ጐትተው፣ አቅንተው፣ የቈሰለ ዓሣ አካሄድ እስኪይዝ ድረስ ሳይፈትኑ ለገዢ አይሰጡም ነበር። ሥራው ወደ ፋብሪካ በተዛወረ ጊዜም ይህ ልማድ አልቀረም፤ እያንዳንዱ ማታለያ በውሃ ገንዳ ውስጥ በሰው እጅ ይፈተን ነበር።

ወደ ፋብሪካ የወሰደው ነገር ደግሞ ማንም ያላሰበው ነው። የ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ጨዋታ እንግዶችን ወደ ፊንላንድ አምጥቶ የማታለያውን ወሬ ወደ ውጭ አወጣው። በ1959 የሚኒያፖሊስ ነጋዴ የሆነው ሮን ዌበር ዐይቶት ከባልንጀራው ከሬይ ኦስትሮም ጋር ወደ አሜሪካ ማስመጣት ጀመረ። በነሐሴ 1962 ላይፍ የተባለው መጽሔት ስለዚህ ማታለያ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ወር ተዋናይዋ ማሪሊን ሞንሮ ሞታ ነበርና የመጽሔቱ ልባስ ላይ ሥዕሏ ወጣ፤ ሕዝቡም ያንን ዕትም እጅግ በብዛት ገዛው። ስለ እርሷ ሊያነብ የገዛው ሰው ሁሉ ስለ ፊንላንዱ ድኻ ዓሣ አጥማጅም አነበበ፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ማታለያ ታዘዘ። አንድ ቤተ ሰብ በእጁ ሊቀርጸው የሚችለው ቍጥር አልነበረም። ላውሪ በ1974 ዐረፈ።

በሙዚየም መስተዋት ውስጥ የሚቀመጡት ማታለያዎች ብዙ ናቸው፤ በካርዳቸው ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ አገሩ፣ ዕቃው የተሠራበት ነገርና የሰብሳቢው ስም ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የማታለያ ትርጕሙ አካሄዱ ነው፤ በደረቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ማታለያ፣ ዜማው ሳይታወቅ ቃሉ ብቻ እንደ ተጻፈ መዝሙር ነው። ስለዚህ ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ ዳር ለምርምር የሚሄድ ተማሪ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት በውሃ ውስጥ ሲጐተት ቢያየው፣ ሠሪውን «ምን አይተህ እንዲህ አደረግኸው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ቢላዋው፣ ክሩና ላባው ከየትኛው ሌላ ሥራ እንደ ተረፈ ቢመዘግብ፣ የሠሪውንም ስም በፈቃዱ ከሰብሳቢው ስም በላይ ቢጽፍ መልካም ነው። በጣና ትልልቆቹ ነጭ ዓሦች መካከል ሌላውን ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ወገኖች እንዳሉ የታወቀ ነው። በሐይቁ ዳር ያሉ ሽማግሎች የነዚህን ዓሦች አደን እንዴት እንደሚገልጹት፣ የትኛውን ትንሽ ዓሣ እንደሚያሳድዱና በየትኛው ወር ወደ ወንዞቹ አፍ እንደሚቀርቡ ከነርሱው ከአጥማጆቹ አፍ መሰብሰብ የሚጀመርበት ቦታ ይሆናል።